በምግባችን ምን ተጨመረ? ምንስ ጎደለ?

(በክሊኒካችን የተራ መጠበቂያ ክፍል ለተገልጋዮች ከተሰጠ የጠዋት ትምህርት የተወሰደ)



ተራችሁ እስኪደርስ ለጥቂት ደቂቃዎች ጆሯችሁን እንድትሰጡኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ እንክብል፣ ስለ መርፌ ወይም ስለ ሉፕ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የምታዩአቸውን ነገሮች ዛሬ ጠዋት ከሰፈር ሱቅና ከጉሊት ነው የገዛኋቸው። አንድ ጠርሙስ ብርቱካንማ ለስላሳ መጠጥ፣ ቀይና ቢጫ ከረሜላ፣ ወጥ ማጣፈጫ ኩብ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬና እርድ፣ እንዲሁም ጨው ናቸው። «ይህ ሁሉ ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። መልሱን በአንዲት እናት ታሪክ ልጀምር።

ይህች እናት ወደ ምክር ክፍላችን የመጣችው መርፌውን ለማቆም ፈልጋ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ የጀርባው አጥንት ሳይገጥም፣ ህብለ ሰረሰሩ ተጋልጦ ተወለደ፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ጎረቤቶቿ «በእርግዝናሽ ጊዜ ቀለም ያለው ለስላሳ ስለምትጠጪ ነው» አሏት። እሷም አምና ሁለት ዓመት ሙሉ ለስላሳ አልቀመሰችም፤ ከረሜላና ብስኩትም ቤቷ እንዳይገባ ከለከለች። አሁን ደግሞ እንደገና ለመውለድ አስባ «እህቴ፣ ከምበላው ሌላ የትኛውን ልተው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ እሷ ለጠየቀችው መልስ እንስጥ፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ ወደ መጨረሻው እናገኘዋለን።

መጨመር አዲስ ነገር አይደለም

ምግብ ላይ ሌላ ነገር መጨመር ፋብሪካ ያመጣው ልማድ አይደለም። እናቶቻችን ሥጋው ቋንጣ ሆኖ እንዲቆይ ጨውና በርበሬ ይቀቡታል። ቅቤ ሲያነጥሩ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና እርድ ይጨምራሉ። እርዱ ለአልጫው ቀለም ይሰጣል፤ ጌሾው ለጠላው ምሬትና ጠረን ይሰጣል። እንግዲህ እንዳይበላሽ፣ መልክ እንዲኖረው፣ እንዲጣፍጥ ተብሎ መጨመር ከጥንት የነበረ ነው።

ፋብሪካዎችም የሚጨምሩት ለእነዚሁ ምክንያቶች ነው። ልዩነቱ የሚጨመረው ነገር ብዙ ጊዜ በኬሚካል መንገድ የተሠራ፣ ዓይነቱም የበዛ መሆኑ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ደህንነት የሚመረምር አካል አስፈለገ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ኮሚቴ ከእ.ኤ.አ. 1956 ጀምሮ ይህን ሥራ ይሠራል። ኮሚቴው ለአንድ ጭማሪ «አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢወስደው የማይጎዳው መጠን ይህን ያህል ነው» ብሎ ይወስናል። መጠኑም የሚሰላው በሰውነት ክብደት ነው።

ይህችን «በክብደት» የምትለዋን ቃል አደራ ያዙልኝ። 60 ኪሎ የምትመዝን እናትና 12 ኪሎ የሚመዝን ልጇ እኩል አንድ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢጠጡ፣ ልጁ ለኪሎው የሚደርሰው ጭማሪ የእናቱን አምስት እጥፍ ነው። ለአዋቂ «ምንም አይል» የተባለ ነገር ለሕፃን የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እንያቸው

1ኛ/ ቀለም። ከረሜላውንና ለስላሳውን እዩ። በአውሮፓ ደንብ እያንዳንዱ የተፈቀደ ጭማሪ ቁጥር አለው፤ በማሸጊያው ላይ «ኢ 102»፣ «ኢ 110»፣ «ኢ 129» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። ኢ 102 ታርትራዚን የሚባለው ቢጫ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 300 ለሚጠጉ ሕፃናት አንዳንድ ሰው ሠራሽ ቀለሞችንና ሶድየም ቤንዞኤት የተባለውን ማቆያ በመጠጥ እያደባለቁ ሰጧቸው። የተወሰኑት ልጆች ከወትሮው ይልቅ እረፍት የለሽ ሆኑ፤ ትኩረታቸውም ቀነሰ። ለውጡ በሁሉም ልጆች ላይ አልታየም፤ በአማካይም ትንሽ ነበር። ቢሆንም ከሐምሌ እ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእነዚህ ስድስት ቀለሞች አንዱ ያለበት ምግብ «የሕፃናትን እንቅስቃሴና ትኩረት ሊጎዳ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ተደረገ። አሜሪካ ደግሞ ኢ 127 የሚባለው ቀይ ቀለም በከፍተኛ መጠን በወንድ አይጦች ላይ የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ማስከተሉን ጠቅሳ በጥር እ.ኤ.አ. 2025 ከምግብ እንዲወጣ ወስናለች፤ ለፋብሪካዎቹም የጊዜ ገደብ ሰጥታለች። በሰው ላይ ግን ይህን አደርሷል የሚል ማስረጃ አልቀረበም።

ታዲያ ልጅ አንድ ከረሜላ በላ ብላችሁ አትደንግጡ። ዘወትር ምሳው ከረሜላና ባለቀለም መጠጥ ከሆነ ግን ቢያንስ ጥርሱና የምግብ ፍላጎቱ ይጎዳሉ፤ ለልጅ ዕድገት የሚበጀውን ምግብም ቦታ ይወስድበታል።

2ኛ/ ማቆያዎች። ሶድየም ቤንዞኤት ለስላሳ መጠጥ እንዳይሻግት ይጨመራል። ሰልፋይት የሚባለው ደግሞ በደረቁ ፍራፍሬዎችና በወይን ጠጅ ውስጥ ይገኛል። አስም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ሰልፋይት ያለበትን ሲወስዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስለዚህ አስም ያለበት ሰው በማሸጊያው ላይ ከኢ 220 እስከ ኢ 228 ያለ ቁጥር ሲያይ ይጠንቀቅ።

ይህ የታሸገ ሥጋ ደግሞ ናይትራይት አለበት። ናይትራይት ሥጋውን ቀይ አድርጎ ያቆየዋል፤ ገዳይ የሆነ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ተህዋስም ይከላከላል። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ መልክ የተዘጋጀ ሥጋ፣ ለምሳሌ ቋሊማና የታሸገ ሥጋ፣ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው ዕድሉ በ18 በመቶ ይጨምራል። ይህ ለዘወትር ተመጋቢ እንጂ አንድ ቀን ለቀመሰ ሰው የተባለ አይደለም።

3ኛ/ ወጥ ማጣፈጫ። ብዙዎቻችሁ «ኩቡ ውስጥ ያለው ማጣፈጫ ያመክናል፣ ራስ ያዞራል» ሲባል ሰምታችኋል። ኩቡ ውስጥ ያለው ግሉታሜት እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ ጃፓናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባሕር ሣር ያወጣው ነገር ነው፤ በቲማቲምና በዓይብም በተፈጥሮ ይገኛል። አንዳንድ ሰዎች በባዶ ሆድ ብዙ ከወሰዱ ራስ ምታት ወይም የፊት መሞቅ ይሰማቸዋል፤ ምልክቱ ግን ቶሎ ያልፋል። ማህፀን ያመክናል የሚለው መሠረት የለውም። ከኩቡ የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ከፍ ያለ የጨው መጠን አለው። በኩብ የሚያጣፍጥ ሰው ወጡ ላይ የሚጨምረውን ጨው ይቀንስ። በተለይ ነፍሰ ጡርና የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

4ኛ/ ያለ ስኳር የሚያጣፍጡ ነገሮች። «ስኳር የለሽ» በተባሉ መጠጦች ውስጥ አስፓርቴም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ድርጅት «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው ነገሮች መካከል መደበው፤ ማስረጃው ውሱን መሆኑንም ገለጸ። በዚያው ጊዜ ቅድም ያነሳነው ኮሚቴ የቀን ጣሪያውን እንደነበረ አጸናው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጣሪያውን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ በላይ መጠጣት ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ የሚያስፈራ አይደለም፤ የሚያስፈልግ ነገርም አይደለም።

5ኛ/ ካፌይን። ቡናችን ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ካፌይን ለኮላና ለኃይል ሰጪ መጠጦች ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፤ ብዙ ካፌይን ፅንስ ከማስወረድና ልጅ ክብደቱ አንሶ ከመወለድ ጋር ተያይዟልና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታ በላዩ ኮላ የምትጨምር ነፍሰ ጡር ሁሉንም አንድ ላይ ትቁጠር። ኃይል ሰጪ የሚባለው መጠጥ ግን በእርግዝና ጊዜ ጭራሽ ቢቀር ይመረጣል።

ጭማሪና ማጭበርበር ይለያያሉ

እስከ አሁን ያወራነው ስሙ ስለሚታወቅ፣ መጠኑ ስለሚለካ ጭማሪ ነው። አሁን ወደ በርበሬውና ወደ እርዱ እንምጣ። ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ ምን እንደጨመረ አይነግራችሁም፤ ማሸጊያ ላይም አይጽፍም። በቅቤ ሌላ ስብ፣ በማር ስኳር፣ በበርበሬ የሸክላ ዱቄት፣ በእንጀራ ጀሶ እየቀላቀሉ የሚሸጡ ሰዎች ስለመኖራቸው በከተሞቻችን ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ ገንዘባችሁን ብቻ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ግን ለጤና ከለስላሳው ቀለም ይልቅ እጅግ የከፋ ነው።

ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። የመጀመሪያው ሱዳን የሚባለው ቀይ ቀለም ነው። ስሙ የአገር ስም ቢሆንም ሥራው ሰምና የጫማ ቀለም ማቅላት ነው፤ ለምግብ አልተፈቀደም፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራም ካንሰር አምጥቷል። የደረቀ በርበሬ ቀይ መስሎ ዋጋ እንዲያወጣ የሚቀላቅሉት ነጋዴዎች በተለያዩ አገሮች ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አገር ይህ ቀለም ያለበት የበርበሬ ዱቄት ወደ አንድ ማጣፈጫ መግባቱ ተደርሶበት፣ በዚያ ማጣፈጫ የተሠሩ በመቶ የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከየሱቁ ተሰብስበዋል።

ሁለተኛው ይበልጥ የእናቶች ጉዳይ ነው። በባንግላዴሽ እርድ ደማቅ ቢጫ እንዲሆን እርሳስ ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር። እርሳስ ስል መጻፊያውን ማለቴ አይደለም፤ መርዛማውን ብረት ነው። እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ የሕፃኑን አንጎልም ይጎዳል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ ከተወሰደው እርድ 47 በመቶ የሚሆነው እርሳስ ተገኝቶበት ነበር። ተመራማሪዎች ለሕዝቡ አሳወቁ፤ መንግሥትም ነጋዴዎችን ተቆጣጠረ፤ ቀጣ። በ2021 በተደረገው ምርመራ አንድም አልተገኘም። ችግሩ መፍትሔ እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ በርበሬውን ዛላውን፣ እርዱንም ሥሩን ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁና አጥባችሁ፣ ራሳችሁ አስፈጩ። ጊዜ ለሌላት እህት ደግሞ የምታውቃት ባልትና አዘጋጂ ትሻላለች። ከወትሮው ይልቅ የደመቀ፣ ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ ዱቄት ሲያጋጥማችሁ ጠይቁ። ጥርጣሬያችሁንም በአካባቢያችሁ ላለው የጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አመልክቱ።

ሲጨመር የሚያድን፣ ሲጎድል የሚጎዳ

እስከ አሁን ያልነካሁት ጨው ነው። የመጀመሪያዋ እናት ያልጠየቀችው ግማሽ ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል።

ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ነው። ሰውነታችን በጣም ጥቂት ይፈልጋል። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋቸዋል። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህች ጥቂት ነገር ስትጎድል አንገት ላይ እንቅርት ይወጣል። እንቅርቱ የሚታየው ጉዳት ነው፤ የማይታየው ይብሳል። ፅንስ ይጨነግፋል፤ ልጅ ሞቶ ይወለዳል፤ በሕይወት የተወለደውም አእምሮው ሊዘገይ፣ መስማትና መናገር ሊሳነው ይችላል።

በአገራችን ደጋማ አካባቢ አፈሩ በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ ስለሄደ ከእህሉ በቂ አይገኝም። እስከ 1990 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ወደቦች ይመጣ የነበረው ጨው በጦርነቱ ሲቋረጥ አዮዲን ያልተጨመረበት የአፋር ጨው ገበያውን ሸፈነ። በ2003 ዓ.ም. ለሰው ምግብ የሚቀርብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር፤ በ2016 በተደረገው ግን በ89ኙ ተገኘ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አዮዲን መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ መጠኑም በቂ መሆን አለበት፤ በአያያዝ ጉድለትም ይጠፋል።

በዚህ ጨው ላይ የተወራውን ደግሞ ስሙ። በፓኪስታን አዮዲን ያለበት ጨው ሲመጣ «ይህ ሴቶችን ለማምከን በቤተሰብ ምጣኔ ስም የመጣ ነው» ተብሎ ተወራ። ሰዎችም ጨውን ፈሩ። እውነቱ ግን የዚያ ግልባጭ ነው። ፅንስ የሚያስወርደው የአዮዲን ማነስ ነው፤ ጨው ላይ የሚጨመረው ይህን ለመከላከል ነው። በእኛም ሰፈር «ዘይቱ ያመክናል፣ ዱቄቱ ያመክናል» ሲባል ስትሰሙ ከመፍራታችሁ በፊት መጥታችሁ ጠይቁን። የወሊድ መቆጣጠሪያ ተጠቃሚው አውቆና ፈቅዶ የሚወስደው ነው፤ በጨው ተደብቆ አይሰጥም።

ሁለተኛው ፎሊክ አሲድ ነው። ከቫይታሚን ቢ ወገን ሲሆን በተፈጥሮ በምስር፣ በሽምብራ፣ በአደንጓሬና በጎመን ይገኛል፤ ብዙ ሲበስል ግን ይቀንሳል። አሁን ልብ ብላችሁ አድምጡኝ። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር መጀመሪያ እንደ ቱቦ ነው የሚሠራው። ቱቦው የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ የእናቲቱ የወር አበባ የቀረው ገና ወደ ሁለት ሳምንት ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ፎሊክ አሲድ ካነሰ ቱቦው ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ከላይ ካልተዘጋ አንጎል አይሠራም፤ ከታች ካልተዘጋ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል።

እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የተመራ፣ በ7 አገሮች የተካሄደ ጥናት ውጤት ወጣ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ለወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ ሲሰጥ ችግሩ በ72 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ ግልጽ ስለነበረ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ። አሜሪካም ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ፎሊክ አሲድ በዱቄት ላይ መጨመርን ግዴታ አደረገች። በአገራችንም በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች፣ የምግብ ዘይት ደግሞ በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። ይሁንና የጤፍ እንጀራ ዘወትር የሚበላ ቤተሰብ ከዳቦ ዱቄት የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዱቄቱን ብቻ አትጠብቁ።

ያቺ እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ለስላሳ ስትሸሽ ልጇን የጎዳው ቀለም አልነበረም። በእርግጠኝነት ይህ ነው ማለት ባይቻልም፣ ከሁሉ በላይ የሚጠረጠረው ከምግቧ የጎደለው ነው። እሷ ግን ጥፋቱን በራሷ አፍ ላይ ጭና ኖረች። ይህን ስነግራት አለቀሰች፤ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወደ ሐኪማችን ላክኋት። እንዲህ ያለ ልጅ ወልዳ ለምታውቅ እናት የሚሰጠው መጠን ከሌላው ሴት 10 እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ የሚታዘዘው በሐኪም ብቻ ነው። ከመርፌው ተራ በፊት ተጀመረላት።

ቤት ስትገቡ ምን ታደርጋላችሁ?

ሀ) «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ በደንብ የታሸገ ጨው ግዙ። ፀሐይና እርጥበት በማይደርስበት፣ በሚከደን ዕቃ አስቀምጡ። ጨዉን አትጠቡት። ወጡ ላይ ሊወጣ ሲል ጨምሩት እንጂ ከመጀመሪያው አታፍሉት።

ለ) አዮዲን አለው ተብሎ ጨው አይበዛም። ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃል።

ሐ) በቅርብ ጊዜ ለማርገዝ ካሰባችሁ፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጀምሩ፤ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ቀጥሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ እህት መድኃኒቷን በራሷ አታቋርጥ፤ ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር።

መ) የታሸገ ምግብ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ፤ የሚያበቃበትን ቀን፣ የአምራቹን ስምና የጭማሪዎቹን ዝርዝር። ዝርዝሩን ማንበብ የማትችል እናት ልጇን ታስነብብ።

ሠ) ለልጆች ውሃ፣ ፍራፍሬና በቤት የተሠራ ቆሎ የዘወትር ይሁን፤ ባለቀለም መጠጥና ከረሜላ ለበዓል ይቆይ።

ከተገልጋዮች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሉፕ ይዤ ነው። ፎሊክ አሲድ አሁን ብወስድ መከላከያውን ያበላሽብኛል?

መልስ፦ አያበላሽም። ከእንክብል፣ ከመርፌ፣ በክንድ ከሚቀበረውም ሆነ ከሉፕ ጋር ችግር የለውም። እንዲያውም ሉፕና በክንድ የሚቀበረው በወጡ ማግሥት እርግዝና ሊመጣ ስለሚችል፣ ከመውጣታቸው በፊት መጀመር ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ እኔ አሁን የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አልወሰድኩም። ጊዜው አለፈብኝ?

መልስ፦ የቱቦው መዘጊያ ጊዜ አልፏል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ልጆች ጤነኛ ሆነው ነው የሚወለዱት፤ አትጨነቂ። አሁን ግን ደም እንዳያንስሽ ብረትና ፎሊክ አሲድ በአንድነት ያለበት ኪኒን ከጤና ጣቢያ ይሰጥሻል፤ ሳታቋርጪ ውሰጂ። ጨውሽ አዮዲን ያለው መሆኑንም አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፤ ይህ እኔን ምን ያገባኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ ጨውና ዘይት ገዝተው የሚመጡት እርስዎ ነዎት። ርካሹን ልቅ ጨው ወይም የታሸገውን መምረጥ የእርስዎ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ልጅ መቼ ይወለድ የሚለውን ሁለታችሁ ተማክራችሁ ከወሰናችሁ፣ ኪኒኑም ከዚያ ውሳኔ ጋር አብሮ ይጀመራል።

እናቶችና እህቶች፣ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የቤተሰብ ምጣኔ ማለት አለመውለድ ብቻ አይደለም፤ ለሚወለደው ልጅ አስቀድሞ መዘጋጀትም ነው። መከላከያችሁን ልታስወጡ ወይም ልታቆሙ የመጣችሁ ቀን፣ ነርሷ ባትጠይቃችሁ እንኳ «ልጅ መውለድ አስቤአለሁ፤ ፎሊክ አሲድ ይሰጠኝ» በሉ። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ዛሬ እዚህ ላልመጣች ጎረቤታችሁም አድርሱልኝ።